ስትጠፋ የምትጮኸው ሣጥን

ጋሽ ይልማ ማረፋቸውን የሰማሁት ባጃጅ ውስጥ ነው። ለሠርግ ሥራ ወደ ሞያሌ ወርጄ ሰንብቼ ገና ዲላ መግባቴ ነበር። ከመናኸሪያው ወጥተን ዳገቱን ስንጀምር ሾፌሩ በመስታወት አየት አደረገኝና፣ «ሳሚ፣ እኚያ ፈሪው መምህር ወዳጅህ አልነበሩ እንዴ? ተቀበሩ እኮ» አለኝ። ኪቦርዴን ጉልበቴ ላይ ጠበቅ አድርጌ አቀፍኩት። ያልሰማሁት መስሎት ይሆናል፣ «ስኳር ነው አሉ። ነፍስ ይማር» ብሎ ጨመረልኝ።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የያዘኝ ሐዘን አልነበረም፤ ፍርሃት ነው። ሌላ ሰው በእኔ ፈንታ ሲፈራልኝ ኖሮ ድንገት ለራሴ እንድፈራ የተተውኩ መሰለኝ። ባጃጁ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ሳላስበው «ፍሬንህ ደህና ነው?» ብዬ ጠየቅኩት። ይህ የእኔ ሳይሆን የጋሽ ይልማ ጥያቄ ነው።

ዲላ ውስጥ ጋሽ ይልማን የሚያውቃቸው ሁሉ በፍርሃታቸው ነው የሚያውቃቸው። አባታቸው ከሰሜን መጥተው እዚህ የቀሩ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። እሳቸው ዲላ ተወልደው፣ ዲላ አድገው፣ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ኤሌክትሮኒክስ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ወጡ። ረጅም፣ ቀጠን ያሉ፣ ኮታቸው ሁልጊዜ የሚሰፋቸው ሰው ነበሩ። ሰማዩ ገና ከሩቅ ማጉረምረም ሲጀምር የቤታቸውን ሶኬት ሁሉ ይነቅላሉ፤ ጎረቤቱንም በአጥር ላይ «ንቀሉ!» እያሉ ይጣራሉ። ውሻ ሲያዩ መንገድ ይሻገራሉ፤ ማዶም ሌላ ውሻ ካለ መሐል አስፋልት ላይ ቆመው የሚያሻግራቸው ሰው ይጠብቃሉ። ተማሪዎቻቸው «ፈሪ ለናቱ» እያሉ ሲያሾፉባቸው አይቆጡም ነበር። «ልክ ብላችኋል። እናቴ እስክታርፍ ጧሪ አላጣችም» ይሉና ወደ ሰሌዳው ይዞራሉ።

እኔ የተዋወቅኳቸው ኪቦርዴ ሠርግ መሐል ጥፍት ብሎ ባዋረደኝ ማግስት ነው። ከጓዳቸው ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ከፈቱትና አንዱን ጥቁር ቺፕ በካቻቢቴ ጫፍ፣ ሳይነኩት፣ አሳዩኝ።

«ደወሉም ዋሽንቱም ክራሩም እዚህ ውስጥ ተቆልፎ ነው የተሸጠልህ። ቁልፉ ፋብሪካው ጋ ነው ያለው። ይሄ ከሞተ ለቅሶ ልድረስህ እንጂ ሌላ የምረዳህ የለም» አሉኝ።

ደግነቱ የሞተው ቺፑ ሳይሆን የኃይል መስመሩ ነበር። ካውያቸውን አግለው መበየጃውን ስታኞ ሲያቀልጡ ሳይ አንድ ነገር ገረመኝ፤ የሚሠሩት በቀኝ እጃቸው ብቻ ነው። ግራው ኪሳቸው ውስጥ ተቀብሯል።

«ጋሽ ይልማ፣ እጅዎን አሞዎታል?»

«አላመመኝም። ኤሌክትሪክ በአንዱ እጅህ ገብቶ በሌላው ሲወጣ መንገድ ላይ የሚያገኘው ልብህን ነው። አንዱን እጅ ስትደብቅበት መንገድ ያጣል።»

«ከሶኬት ተነቅሏል እኮ!»

«መነቀሉን አምናለሁ፤ ግን እፈራለሁ» አሉና ሥራቸውን ቀጠሉ። «አንተም መጀመሪያ ፍራ፤ ከዚያ ለካ፤ ከዚያ ንካ።»

ይህች ልማድ ከዕድሜ ብዛት አካላቸው ሆና ነበር። የሬዲዮ ቁልፍ ሲያዞሩ፣ የስልክ ቻርጀር ሲሰኩ፣ የእጅ ባትሪ ሲያበሩ እንኳ ግራ እጃቸው ሳያማክራቸው ኪሳቸው ውስጥ ይገባል። ኪሷ ደግሞ ባዶ አትሆንም። ስኳራቸው ድንገት ሲወርድባቸው የሚልሷት ከረሜላ አትጠፋም።

ያ የተቆለፈ ቺፕ እንቅልፍ ነሳቸው። ዲላ ላይ ሲበላሽ ዲላ ላይ የሚከፈት፣ ዲላ ላይ የሚጠገን ሲንተሳይዘር፣ በኤሌክትሪክ ድምፅ የሚፈጥር የሙዚቃ ሣጥን፣ እሠራለሁ ብለው ተነሡ። ከሞቱ ሬዲዮኖችና ከተጣሉ ቴሌቪዥኖች ሆድ ዕቃ መልቀም ጀመሩ። እኔም ሠርግ በሌለበት ቀን ከሰዓት በኋላ እሳቸው ጋ መዋል ለመድኩ። «እኔ እለካለሁ፤ ጆሮ አንተ ሁነኝ» ይሉኝ ነበር።

የሚሠሩት ነገር መጀመሪያ አልገባኝም። በኋላ እንዲህ አስረዱኝ። ኦሲሌተር የሚባለው እየደጋገመ ሞገድ የሚሠራ ሰርኪት ነው፤ ሞገዱ ድምፅ ይሆናል። እሳቸው ሁለት አላቸው። አንደኛው ይዘፍናል፤ ሁለተኛው ከኋላው ሆኖ ትከሻውን ይዞ ወደፊትና ወደኋላ ይነቀንቀዋል። በዝግታ ሲነቀንቀው ዘፈኑ ይርገበገባል። በጣም ሲያፈጥነው ግን ርግብግቡ ይጠፋና ሌላ ድምፅ ይወለዳል፤ ደወል፣ ብርጭቆ፣ ቆርቆሮ።

«መነቅነቂያው ሁለት ዓይነት ነው» አሉኝ። «አንደኛው የዘፋኙን ፍጥነት መነካካት ነው። ግፊቱ ለአንድ ወገን ትንሽ እንኳ ካጋደለ ዘፈኑ ከቃናው ተነቅሎ ይሄድብሃል። እኔ እሱን እፈራለሁ። ሁለተኛው ፌዝ ሞዱሌሽን የሚሉት ነው። ፍጥነቱን አትነካም፤ ያለበትን ቦታ ብቻ ነው የምትነቀንቀው። የፈለገውን ያህል ይንቀጥቀጥ፣ ነቅናቂው ሲያቆም ራሱን ቦታው ላይ ያገኘዋል። የፈሪ ሰው ሰርኪት ነው።»

ይህን ብለው ሳቁ፤ እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ያኔ ሰው በግጭት ከቀዬው እየተነቀለ ልጁን አዝሎ፣ ድስቱን ተሸክሞ ዲላ የሚገባበት ወቅት ነበር። መንገዱም ሰዉም ፈርቶ ነበር። ማታ ማታ ሁሉም በሩን በጊዜ ይዘጋል፤ ሞተር ሳይክል ፈንዳ ፈንዳ ካለ ገበያው ግማሹ ይተኛል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ?

ያደከማቸው አንድ ነገር ነበር፤ «ስፌት» ይሉታል። የዘፋኙ ሞገድ እንደ ዳገት ይወጣል፤ ጫፍ ሲደርስ ወደ ግርጌው ይወድቅና እንደገና ይወጣል። የነቅናቂው ሞገድ ሲጨመርበት ጫፉን ያልፈዋል። ያለፈውን ቆርጦ ከግርጌው መቀጠል ያስፈልጋል። የተቆረጠውና የተቀጠለው በልክ ካልገጠሙ ድምፁ መሐል «ቀጭ» የምትል ነገር ትሰማለች። ያችን ቀጭታ ለማጥፋት ስንት ከሰዓት በኋላ ተቀምጠናል! አንዲት ቅንጣት ቁልፍ በካቻቢቴ ፀጉር ታህል ያዞራሉ፤ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ «አለች… አለች… ጠፋች» እላለሁ። ደስ ብሎን ሻይ ስንጠጣ ደመና ይመጣና ይቀዘቅዛል፤ ቀጭታዋ ትመለሳለች። ትራንዚስተር ሲበርደው ጠባዩ ይለወጣል። ስፌቱን የሚፈታው ብርዱ ነበር።

መፍትሔያቸው እሳቸውን ይመስላል። ሣጥኗን ከነባትሪዋ አብርተው፣ በጋቢ ጠቅልለው፣ እንደ አራስ ልጅ ሙቀት ውስጥ ማኖር ጀመሩ። ጨርሶ አያጠፏትም ነበር፤ ስትጠፋ ደግሞ የውስጥ ድምፅ ማጉያዋ «ጧ!» ብላ ታስደነግጣቸዋለች። እሷንም ይፈሯታል።

እንግዲህ አንድ የቀድሞ ተማሪያቸው ወርቃ ላይ ሠርግ ደገሰ። እኔ ኪቦርድ ልጫወት ተቀጠርኩ፤ ሙሽራው ደግሞ «ሙሽሪት ስትገባ የጋሽ ይልማ ደወል ካልተደወለ» አለ። በዚያ ወቅት መንገድ መውጣት ለእሳቸው ሞት ነበር። እምቢ ይላሉ ብዬ ስጠብቅ ሣጥኗን በጋቢ ጠቅልለው መናኸሪያ ከእኔ ቀድመው ተገኙ። ሚኒባሱ ውስጥ ከበሩ አጠገብ መቀመጥ ፈርተው ከኋላ ወንበር ጥግ ያዙ። ሣጥኗን በሩ ጋ ለተቀመጥኩት ለእኔ ሰጡኝ። «አንተ ወጣት ነህ፤ እቅፍህ ይሞቃል» አሉኝ።

ይርጋጨፌን አልፈን ወደ ላይ ስንወጣ ጉም ተቀበለን። ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ ገባ። ብዙም ሳይቆይ ከጋቢው ውስጥ ቀጭ… ቀጭ… የሚል ተሰማኝ። መንገድ ላይ ቁልፏ ተነካክቶ ዘፋኙ ኦሲሌተር በጣም ዘግይቶ ኖሯል፤ የሚሰማው የስፌቷ ቀጭታ ብቻ ነው። ጋሽ ይልማ ከኋላ ሆነው፣ «ሳሚ፣ በረዳት። ጠበቅ አድርገህ እቀፋት» አሉኝ በሹክሹክታ። ሳቄ መጣ።

ኬላው ጋ ገመድ ተወጥሮ ነበር። እዚያ አካባቢ ሁልጊዜ ኮንትሮባንድ ቡና ይፈተሻል። የዚያን ቀን ግን መሣሪያ የያዙት ጠባቂዎች በዝተዋል። አንድ ወጣት ጠባቂ ጆንያ የሚወጋባትን ሹል ብረት ይዞ በበሩ አጎነበሰ።

«ምንድነው እሱ ያቀፍከው? ቡና ነው?»

«አይደለም።»

እጁን ጋቢው ላይ አሳረፈ። ሞቃት ነው። ጆሮውን ዘንበል አደረገ። ፊቱ ላይ ያለው ደም ሲሸሽ ዓይኔ እያየ ነው።

«ይቆጥራል!» ብሎ ጮኸ። «ውረዱ! ሁላችሁም ሩጡ! ፈንጂ ነው፣ ይቆጥራል!»

ሰው በበሩም በመስኮቱም ፈሰሰ። ሁሉም ከመንገዱ ዳር ወዳለው ቦይ ተወረወረ። ጋሽ ይልማ ከኋላ ወንበር ተነሥተው ከሁሉም ቀድመው ሲሮጡ አየኋቸው፤ ኮታቸው ክንፍ አውጥቶ ነበር። እኔ ሣጥኗን እንዳቀፍኩ ቀረሁ። አንዱ «አስቀምጠው!» ይላል፤ አንዱ «እንዳትንቀሳቀስ!» ይላል፤ ሌላው «ውረድ!» ይላል። እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ሣጥኗን አስፋልቱ ላይ አኖርኩና በግንባሬ ተደፋሁ። እጆቼን ዘርግቼ ነበር። የክላሽ አፈ ሙዝ ማጅራቴ ላይ አረፈ፤ እንደዚያ የሚቀዘቅዝ ነገር ነክቶኝ አያውቅም።

«የማነው? ተናገር! የማነው ዕቃው?»

ምላሴ ከላንቃዬ ጋር ተጣበቀ። ቀጭ… ቀጭ… ትላለች ሣጥኗ አጠገቤ። የጠባቂው እጅ መንቀጥቀጡ በብረቱ በኩል አንገቴ ድረስ ይሰማኛል። የፈራ ሰው ጣቱ ቃታ ላይ ካለ አለቀልኝ ብዬ አሰብኩ። እናቴን አሰብኩ። ሱሪዬ መርጠቡን ያወቅኩት ሲሞቀኝ ነው።

«ለመጨረሻ ጊዜ ነው! የማነው?»

«የኔ ነው።»

ከቦዩ ውስጥ የመጣች ቀጭን ድምፅ ነበረች። ማንም የሰማት አልመሰለኝም። ደገሙት፤ «የኔ ነው፣ ልጆቼ። እሱ ምንም የለበትም፤ ለሠርግ የሚጫወት ልጅ ነው።»

ጫማቸውን ብቻ ነው የማየው። ቡናማ፣ የተወለወለ፣ አሁን በቦዩ ጭቃ የተለወሰ ጫማ ወደኔ መጣ። አንድ እርምጃ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይሄዳል።

«ምንድነው?» አላቸው ጠባቂው።

«ሲንተሳይዘር ነው። ሁለት ኦሲሌተር…»

«ምን?»

«የሙዚቃ ዕቃ ነው።»

«አጥፋው!»

«አይንካው! እንዳትነካው!» አለ ሌላው።

«አጠፋታለሁ» አሉ ጋሽ ይልማ። «ግን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ስትጠፋ ትጮኻለች።»

ከዚያ ቀን በፊትም በኋላም ሰው ትንሽ ቢዋሽ ምን አለበት ብዬ እንደዚያ ተመኝቼ አላውቅም። ጠባቂዎቹ ወደኋላ ሲሸሹ የቦቲያቸው ኮቴ ተሰማኝ። «ትጮኻለች ማለት ምን ማለት ነው? ትፈነዳለች?» «አትፈነዳም፤ ጧ ትላለች እንጂ። እንዳትደነግጡ ብዬ ነው» አሉ፤ እንደ ክፍል ውስጥ ሊያስረዱ ሲሞክሩ። ድምፃቸው ግን እንደ በግ ግልገል ይንቀጠቀጥ ነበር። በመጨረሻ አለቃቸው የሚመስለው «ቀስ ብለህ ንካው፤ እያየንህ ነው» አለ።

ጋሽ ይልማ ተንበረከኩ። ቀኝ እጃቸውን ወደ ሣጥኗ ዘረጉ። ግራ እጃቸው ደግሞ እንደ ልማዱ ኪሳቸው ውስጥ ገባ።

ክላሹ ከማጅራቴ ተነሥቶ ወደሳቸው ዞረ፤ ሲቀባበል ሰማሁት። «እጅህን! እጅህን!»

ሁሉም ነገር ቆመ። ሣጥኗ ብቻ ቀጭ… ቀጭ… ትላለች። እጃቸውን መዘዝ ቢያደርጉት ይተኮስባቸዋል፤ እዚያው ቢያቆዩትም ይተኮስባቸዋል። እሳቸውም ይህ ገብቷቸው ነበር።

«ልጄ» አሉ፤ «እጄ ኪሴ ውስጥ ነው። ዕቃ ስነካ ልማድ ሆኖብኝ ነው። ከረሜላ እንጂ ሌላ የለበትም። ላውጣው ወይስ እዚያው ይቆይ? ያልከኝን አደርጋለሁ።»

ዓይኔን ሰርቄ ወደላይ ሳየው የወጣቱ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ የሚጸልይ ይመስለኛል። ከዚያ «ቀስ» አለ። «ቀስ፣ አባቴ።»

እጃቸው ቀስ እያለ ወጣ። የኪሱ ገበር አብሮ ተገለበጠና ከረሜላዎቹ አስፋልቱ ላይ ተበተኑ። አንዷ ተንከባልላ አፍንጫዬ ሥር ቆመች። ማንም አልተኮሰም።

ጋሽ ይልማ ሁለቱንም እጆቻቸውን ሣጥኗ ላይ አኖሩ። እንደዚያ ሲያደርጉ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው። «አላጠፋትም። ሙዚቃ መሆኗን ስሙ። አሁን ትፈጥናለች» አሉ። «አትፍሩ፤ እኔ ለሁላችንም ፈርቻለሁ።»

ቁልፉን አዞሩ። ቀጭ ቀጭ ቀጭ አለች። ከቦዩ ውስጥ የሴቶች ኡኡታ ተነሣ። ቀጭቀጭቀጭቀጭ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ከዚያ ቀጭታዋ አንዷ ከሌላዋ የማትለይበት ፍጥነት ላይ ደረሰችና ወፍራም ድምፅ ሆነች፤ ድምፁ ወደላይ ወጣ፤ ሁለተኛውን ቁልፍ ሲከፍቱት ደወል ሆነ። ጉሙ ውስጥ ረጅም፣ ንጹሕ ደወል ደወለ።

ወጣቱ ጠባቂ እዚያው አስፋልቱ ላይ ቁጭ አለ፤ ክላሹን ጭኑ ላይ አጋድሞ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። አለቃው «ሂዱ» አለን። «እባካችሁ ቶሎ ሂዱልን።»

ወደ ሚኒባሱ ተመለስን። ጋሽ ይልማ ፍርሃታቸውን ትተው መጡና በሩ ጋ ከጎኔ ተቀመጡ። ሱሪዬን አዩት። ጋቢውን ከሣጥኗ ላይ ፈቱና ጉልበቴ ላይ ደረቡልኝ። «አንተም በርዶሃል» አሉኝ። ሣጥኗ ራቁቷን ቀርታ መንገዱን ሙሉ ቀጭ ስትል ሄደች። ሠርጉ ላይ ደወሏ ከቃናው ወጥቶ ነበር፤ ሙሽሪት ግን ደስ ብሏት ገባች።

ስለዚያ ቀን እርስ በርሳችን ዳግም አንሥተን አናውቅም። እሳቸው ሣጥኗን ሲያጠፏት ቀስ እያለች ዝም የምትልበት ሰርኪት ሠሩላት። በአራቱም ጎኗ «የሙዚቃ ዕቃ ነው» ብለው ጻፉባት። ስፌቷን ግን እስከ መጨረሻው አልተገላገሉትም።

ከባጃጁ ወርጄ ኪቦርዴን እንደያዝኩ በቀጥታ ለቅሶ ቤቱ ገባሁ። ሐዋሳ የምትሠራው ልጃቸው ፍሬሕይወት አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ትንሽ ተላቀስንና እንባዋን ጠርጋ፣ «አባዬ ስለዚያ የኬላ ቀን ስንቴ ነገረን መሰለህ!» አለችኝ። «‹ክላሽ ማጅራቱ ላይ ደግነውበት እንኳ አሳልፎ አልሰጠኝም› ይል ነበር።»

ይህ ምስጋና አልዋጥልህ አለኝ። «ፍሬ፣ እኔ እኮ ጀግና ሆኜ አይደለም» አልኳት። «ምላሴ ተሳስሮ ነው። መናገር ብችል ኖሮ ምን እንደምል እግዜር ነው የሚያውቀው።»

«እሱንም ነግሮናል» አለች ፍሬሕይወት። «‹ምላሱ መተሳሰሩን አውቃለሁ። እጆቹ ግን አልታሰሩም ነበር፤ አስፋልቱ ላይ ተዘርግተው ከቦዩ ውስጥ ሆኜ ጣቶቹን ነበር የማየው። አንዷ ጣት ወደ እኔ ዞር ብትል ኖሮ እስኪጎትቱኝ ድረስ እዚያው ተኝቼ እቀር ነበር። አልዞረችም። ከዚያ በኋላ እንዴት ልተኛ?› ይለን ነበር።»

ሁለቱን እጆቼን ጉልበቴ ላይ አየኋቸው። ለቅሶ ቤት ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ እስኪያየኝ ድረስ ጮኼ አለቀስኩ።